ከባሕርይ ጉድለት ወደ አንጎል ሕመም፦ የሱስ ሳይንስ የሁለት መቶ ዓመታት ጉዞ

መግቢያ

በአማርኛ «ሱስ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ጠዋት ቡና ካልቀመሰ ራሱን የሚያመው ሰውና የቤቱን ዕቃ እየሸጠ ሄሮይን የሚገዛ ሰው በዚሁ በአንድ ቃል ይገለጻሉ። ይሁን እንጂ «የቡና ሱስ አለብኝ» ብሎ በፈገግታ የሚናገር ሰው «ሱሰኛ» ተብሎ መጠራትን አይወድም፤ ስሙ ከሕመም ይልቅ ነውርን፣ ከችግር ይልቅ ጥፋትን የሚያመለክት ነውና። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ» የሚለው አባባልም የልማድን ኃይል ቢያውቅም በመጨረሻ ጣቱን የሚቀስረው በሰራቂው ላይ ነው።

የሕክምናው ሙያም ለረዥም ዘመን ከዚህ የራቀ አመለካከት አልነበረውም። ሱስ የደካማ ፈቃድና የብልሹ ባሕርይ ውጤት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ጉዳዩ ከሐኪም ይልቅ ለዳኛና ለእስር ቤት ይቀርብ ነበር። ይህ አመለካከት የጎዳው ታካሚውን ብቻ አይደለም። ሐኪሞች አደጋውን በሰዎች ባሕርይ ውስጥ ብቻ ሲፈልጉ በእጃቸው የያዙትን መድኃኒት ኃይል ሳያስተውሉ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የኦፒየም ዝርያ የሆኑ መድኃኒቶችን ታሪክ መሠረት በማድረግ፣ ሱስ በአንጎል ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ መነሻና በዘር ውርስ ያለው ድርሻ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደታወቀ ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞርፊን፣ መርፌና ሄሮይን

የኦፒየም ሕመም አስታጋሽነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። በውስጡ ያለው ዋነኛ ንጥረ ነገር ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1805 አካባቢ በጀርመን ፓደርቦርን ከተማ ረዳት መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት፣ ገና በሃያዎቹ የዕድሜ ክልል መጀመሪያ ላይ የሚገኙት ፍሬድሪክ ሰርተርነር ከኦፒየም ውስጥ እንቅልፍ አምጪውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከግሪኮች የሕልም አምላክ ከሞርፊየስ ስም በመውሰድም የዛሬውን የሞርፊን መጠሪያ አስገኙ። በ1827 በዳርምሽታት የሚገኘው የመርክ የመድኃኒት ቤት ሞርፊንን ለገበያ ማምረት ጀመረ። ሐኪሞችም ለመጀመሪያ ጊዜ መጠኑ በትክክል ሊመዘን የሚችል የሕመም ማስታገሻ አገኙ።

በ1853 ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ውድና ፈረንሳዊው ሻርል ፕራቫዝ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ባዶ መርፌ የተገጠመለትን ስሪንጅ ለሕክምና አዋሉ። በዚያን ጊዜ የኦፒየም ሱስ ከሆድ የሚነሣ እንደ ረሃብ ያለ ፍላጎት ነው የሚል እምነት ስለነበረ ሞርፊን በመርፌ ከተሰጠ ሱስ አያስይዝም ብለው ያሰቡ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። በ1877 የበርሊኑ ሐኪም ኤድዋርድ ሌቪንሽታይን የሞርፊን ሱስን በዝርዝር የሚገልጽ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚከተለውን ማላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና ጭንቀት በአልጋ አጠገብ ሆነው እንዳዩት አሰፈሩ። ከታካሚዎቻቸው መካከል ሐኪሞች በብዛት መገኘታቸውም ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ለሱስ የተጋለጡት የተማሩና የተከበሩ ሆነው ሳለ መድኃኒቱ በእጃቸው የሚገኝ ሰዎች ነበሩ።

ትምህርቱ ግን አልጸናም። በ1874 በለንደን የሚሠሩት ኬሚስት ሲ. አር. አልደር ራይት ሞርፊንን ከአሲቲክ ውህድ ጋር በማዋሐድ ዲያሴቲልሞርፊንን ሠርተው ነበር። በ1897 በባየር ኩባንያ ቤተ ሙከራ እንደገና ተሠራና በ1898 «ሄሮይን» በሚል የንግድ ስም ለሳል ማስታገሻነት ገበያ ላይ ዋለ። ከሞርፊን ያነሰ ሱስ የማስያዝ ጠባይ እንዳለውም ተነገረለት። ዛሬ እንደሚታወቀው ሄሮይን ከሞርፊን በበለጠ ፍጥነት ወደ አንጎል ዘልቆ ይገባል፤ እዚያም ተመልሶ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። በመርፌም ሆነ በሄሮይን የተፈጸመው ስሕተት አንድ ዓይነት ነበር፦ የሱስ መንሥኤ የት እንዳለ ሳይታወቅ አዲሱ ዘዴ ከሱስ ነፃ ነው ተብሎ ታመነ።

ሕክምናው ለዳኛ ሲተላለፍ

በ1914 መጨረሻ የአሜሪካ ኮንግረስ ያጸደቀው የሃሪሰን ሕግ የኦፒየምና የኮካ ውጤቶችን ሽያጭ በመዝገብና በግብር ሥር አዋለ። በ1919 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ሐኪም ሱስ ላለበት ሰው ሱሱን ለማቆየት ብቻ ሞርፊን ቢያዝ ተገቢ የሕክምና ሥራ እንዳልሠራ የሚያስቆጥር ውሳኔ ሰጠ። ከዚህ በኋላ በርካታ ሐኪሞች ተከሰሱ፤ በየከተማው ተከፍተው የነበሩት ክሊኒኮችም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተዘጉ። ሙያው ከጉዳዩ እጁን ሰበሰበ።

በ1935 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን አቅራቢያ፣ ግማሹ ሆስፒታል ግማሹ እስር ቤት የሆነ ትልቅ ተቋም ከፈተ። ታካሚዎቹ ከከተማ ርቀው፣ በእርሻና በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርተው፣ ከመድኃኒቱ ነፃ ሆነው ወራትን ካሳለፉ ባሕርያቸው ይታረማል የሚል ተስፋ ነበር። በ1962 የታተመ የክትትል ጥናት ግን ከተቋሙ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ከተመለሱት 10 ሰዎች መካከል 9ኙ ያህል እንዳገረሸባቸው አሳየ። በዚያው ተቋም የምርምር ክፍል በእስረኞች ላይ ይካሄዱ የነበሩ ሙከራዎች ለተሳታፊዎቹ ራሱን አደንዛዥ ዕፁን በሽልማት መልክ እስከመስጠት የደረሱ ስለነበሩ በ1970ዎቹ አጋማሽ ብርቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ አስነሥተው እንዲቆሙ ተደርጓል።

ያም ሆኖ ከሌክሲንግተን አንድ ዘላቂ ትዝብት ተገኘ። የተቋሙ ሐኪም አብርሃም ዊክለር፣ ከሞርፊን ከተላቀቁ ወራት ያስቆጠሩ ታካሚዎች በቡድን ውይይት ላይ ስለ ዕፁ ወሬ ሲነሣ ሲያዛጉ፣ ዓይናቸውና አፍንጫቸው ውሃ ሲያወጣ፣ ማለትም የማቋረጥ ሕመም ምልክቶች እንደገና ሲታዩባቸው ተመለከቱ። በደማቸው ውስጥ የቀረ ዕፅ አልነበረም። ማገርሸት የፈቃድ ድክመት ብቻ ሳይሆን በአንጎል ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት ሊሆን እንደሚችል ከጠቆሙት ምልከታዎች አንዱ ይህ ነበር።

የሽልማት መንገድና ዶፓሚን

በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በ1954 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥቆማ አካላዊ ሥፍራ ሰጠው። ተመራማሪዎቹ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተከሉ በኋላ አይጦቹ ዘንግ በመጫን ራሳቸውን እንዲያነቃቁ ዕድል ሰጧቸው። ሽቦው በተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች ሲያርፍ አይጦቹ ዘንጉን ያለማቋረጥ ይጫኑ ነበር። አንጎል «ይህን ድገም» የሚል መልእክት የሚያስተላልፍበት የራሱ መንገድ እንዳለው በዚህ ታወቀ።

በ1957 በስዊድን አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን ራሱን የቻለ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል መሆኑን ማሳየት ጀመሩ፤ ለዚህም ሥራ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በ1988 ጣሊያናውያኑ ጋኤታኖ ዲ ኪያራና አሱንታ ኢምፔራቶ በንቁ አይጦች ላይ ባደረጉት ልኬት ሞርፊን፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኒኮቲንና አልኮል፣ ምንም እንኳ በኬሚካል ይዘታቸው ፈጽሞ ቢለያዩም፣ ሁሉም ኑክሊየስ አኩምበንስ በተባለው የአንጎል ክፍል የዶፓሚንን መጠን ከፍ እንደሚያደርጉ አረጋገጡ።

ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» ነው የሚለው የተለመደ አባባል ግን ትክክል አይደለም። በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቻቸው በዝንጀሮዎች ላይ ባካሄዱት ምርምር የዶፓሚን ነርቮች በይበልጥ የሚነቃቁት ሽልማቱ ሳይጠበቅ ሲመጣ እንደሆነ፣ እንስሳው ምልክቱን ከሽልማቱ ጋር ማያያዝ ሲለምድ ደግሞ መነቃቃቱ ከሽልማቱ ወደ ምልክቱ እንደሚዛወር አሳዩ። ምልክቱ ታይቶ ሽልማቱ ሲቀር የነርቮቹ ሥራ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት ዶፓሚን በዋነኛነት የመማርና የመሻት ኬሚካል ነው። ዊክለር በሌክሲንግተን ያዩት ክስተት በዚህ በኩል ይብራራል፤ ቀድሞ ይወስዱበት የነበረው ቤት፣ አብሮ የሚወስደው ጓደኛ፣ ስሪንጁ ራሱ ለአንጎል ጥሪ ይሆናሉ። ታካሚው ዕፁ ደስታ መስጠቱን ካቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላም አጥብቆ የሚሻው ስለዚህ ነው።

ሜታዶንና ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች

የአንጎል ኬሚስትሪ ዕውቀት ገና በጅምር ላይ ሳለ ሕክምናው በሌላ በኩል ተራመደ። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም የሥነ ልውጠተ አካል ተመራማሪ የነበሩት ዶክተር ቪንሰንት ዶል፣ ቀደም ሲል በሌክሲንግተን ከሠሩት የአእምሮ ሐኪም ከዶክተር ማሪ ናይስዋንደርና ከወጣቷ ሐኪም ከሜሪ ጄን ክሪክ ጋር በመሆን በ1964 በሄሮይን ሱስ በተያዙ ሰዎች ላይ ጥናት ጀመሩ። ሞርፊን ሲሰጣቸው ታካሚዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት ስለ ቀጣዩ መርፌ ብቻ ነበር። በአፍ የሚወሰደውና ለረዥም ሰዓታት የሚሠራው ሜታዶን በተተካበት ጊዜ ግን ትምህርት ለመቀጠል፣ ሥራ ለመፈለግ፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ ማሰብ ጀመሩ። የ22 ታካሚዎች ውጤት በ1965 ታተመ። ዶል ሱስን እንደ ስኳር ሕመም ሁሉ በመድኃኒት የሚስተካከል የሥነ ልውጠተ አካል መዛባት አድርገው ማየት እንደሚገባ ተከራከሩ።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር፤ «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚለው ትችት እስከ ዛሬ ይሰማል። ማስረጃው ግን በአንድ ወገን ተከማችቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በ2017 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተናም ሰዎች ሜታዶን በሚወስዱበት ጊዜ የሚደርስባቸው ሞት ሕክምናውን ባቋረጡበት ጊዜ ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑን አሳይቷል።

በ1971 ሌላ ፈተና መጣ። በቬትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን በስፋት እንደሚወስዱ በመታወቁ ሲመለሱ አገሪቱ በሱስ ትጥለቀለቃለች የሚል ሥጋት ነገሠ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ሊ ሮቢንስ ከተመለሱት ወታደሮች በናሙና የተመረጡትን ተከታትለው በማነጋገር ያገኙት ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። ከወታደሮቹ 20 በመቶ ያህሉ በቬትናም ሳሉ ሱስ እንደያዛቸው ገልጸው ነበር። ከእነዚህ መካከል አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና በሱስ የተያዙት 5 በመቶ ያህል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ።

ከሌክሲንግተን የተመለሱት ሰዎች ዕፁን ወደሚያስታውሳቸው ሠፈር ነበር የተመለሱት፤ ወታደሮቹ ግን ሱሱ የጀመራቸውን አካባቢ ከኋላቸው ትተው መጡ። የሮቢንስ ጥናት የአንጎልን ሚና አይክድም። ተመሳሳይ ዕፅና ተመሳሳይ ነርቮች በተለያየ የኑሮ ሁኔታ የተለያየ ውጤት እንደሚያስከትሉ ግን አስተምሯል።

ተቀባዮቹ ሲገኙ

በ1973 ሦስት የምርምር ቡድኖች ራሳቸውን ችለው አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። በጆንስ ሆፕኪንስ ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር፣ በኒው ዮርክ ኤሪክ ሳይመን፣ በስዊድን ኡፕሳላ ላርስ ቴሬኒየስ፣ በአንጎል ሕዋሳት ላይ ሞርፊንና መሰሎቹ የሚጣበቁባቸው ልዩ ተቀባዮች መኖራቸውን አረጋገጡ። ግኝቱ ወዲያውኑ ጥያቄ ወለደ፦ የሰው አንጎል ከአበባ ለሚገኝ ወተት ተቀባይ ለምን ያበጃል? መልሱ ከስኮትላንድ መጣ። በአበርዲን ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከቄራ ከመጣ የአሳማ አንጎል ኤንከፋሊን የተባሉ ሁለት ጥቃቅን ፔፕታይዶች ለይተው በ1975 አሳተሙ። አካል የራሱን ሕመም የሚያስታግስበት የራሱ ኬሚካል ነበረው፤ ሞርፊን የሌላውን ቁልፍ አስመስሎ የሚገባ እንግዳ ነበር።

አሠራሩ ቀስ በቀስ ግልጽ ሆነ። ጋባ የተባለውን ኬሚካል የሚለቁ ነርቮች በመደበኛ ሁኔታ የዶፓሚን ነርቮችን ይገታሉ። ሞርፊን «ሚዩ» በተባለው ተቀባይ አማካይነት እነዚህን ገቺዎች ራሳቸውን ስለሚገታ ዶፓሚን ያለ ልጓም ይለቀቃል። በሌላ በኩል በአንጎል ግንድ የሚገኙ የኖርአድሬናሊን ነርቮች በሞርፊን ሲታፈኑ ይህን ለመቋቋም ውስጣዊ አሠራራቸውን ያጠናክራሉ፤ ዕፁ በድንገት ሲቋረጥ ከልክ በላይ ይነቃቃሉ። የልብ ምት መፍጠን፣ ማላብና እረፍት ማጣት ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። በ1978 ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረው ክሎኒዲን የማቋረጥ ሕመምን እንደሚያስታግስ የታወቀውም በዚሁ ግንዛቤ መሠረት ነው። በ1996 የስትራስቡርግ ተመራማሪዎች የሚዩ ተቀባይ ዘረ መል የሌላቸውን አይጦች ባራቡ ጊዜ ሞርፊን ሕመማቸውን አላስታገሰም፤ የሽልማት ስሜትም የማቋረጥ ሕመምም አላስከተለም። ፈውሱና ሱሱ በአንድ በር የሚገቡ መሆናቸው ተረጋገጠ። ከሱስ ፈጽሞ ነፃ የሆነ ሞርፊን ለማግኘት የተደረገው የመቶ ዓመት ጥረት ያልተሳካበት ምክንያት በዚህ በጉልህ ይታያል።

ዘረ መል ዕድል እንጂ ፍርድ አይደለም

ሱስ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም የቆየ ትዝብት ቢሆንም ይህ ከውርስ ይሁን ከአስተዳደግ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። በ1973 ዶናልድ ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ የተሰጡ ወንዶችን አጠኑ። ወላጅ አባታቸው ወይም እናታቸው የአልኮል ሱሰኛ የነበሩት ልጆች፣ ያደጉት በሌላ ቤት ቢሆንም፣ በአልኮል ሱስ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ የጉዲፈቻ ልጆች አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ እንቁላልና ከሁለት እንቁላል የተወለዱ መንትዮችን በማነጻጸር የተደረጉ ጥናቶች፣ በሰዎች መካከል ለሱስ ተጋላጭነት ከሚታየው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው በዘር ውርስ እንደሚገለጽ አመልክተዋል። ይህ አኃዝ የሕዝብ እንጂ የአንድ ታካሚ አይደለም፤ የአንድ ሰው ሱስ ግማሹ ከዘረ መል፣ ግማሹ ከኑሮ መጣ ማለት አይደለም።

በ1990 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የዶፓሚን ተቀባይ ዘረ መል አንድ ዓይነት ልዩነት በ35 የአልኮል ሱሰኞች አንጎል 69 በመቶ፣ በ35 ሌሎች ሰዎች አንጎል 20 በመቶ መገኘቱን የሚገልጽ ጥናት አወጣ። ጋዜጦች «የአልኮል ሱስ ጂን ተገኘ» ብለው አስተጋቡ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ግን ግንኙነቱን ሊያገኘው አልቻለም። ለሱስ አንድ ዘረ መል የለም። በ2008 በክሮሞዞም 15 ላይ ከሚገኙ የኒኮቲን ተቀባይ ዘረ መሎች ጋር የታየው ግንኙነት፣ በ2020 ደግሞ ከሚዩ ተቀባይ ዘረ መል ጋር የታየው ግንኙነት እጅግ ብዙ ሰዎችን ባካተቱ ጥናቶች የተገኙ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ልዩነት ድርሻም አነስተኛ ነው።

የውርስንና የኑሮን ትስስር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ምሳሌ የጃፓን ነው። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች በጉበት ውስጥ አልኮል የሚሰባበርበትን ኤንዛይም የሚያዳክም የዘረ መል ልዩነት አላቸው። እነዚህ ሰዎች ጥቂት ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ስለዚህ ከሱስ ተጠብቀው ይኖራሉ። ሆኖም በጃፓን በአልኮል ሱስ ከሚታከሙ ሰዎች መካከል ይህን ልዩነት ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት በ1979 2.5 በመቶ፣ በ1986 8 በመቶ፣ በ1992 13 በመቶ ነበሩ። በ13 ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ዘረ መል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጠጥ ባህሉ ነው። ልዩነቱን ከሁለቱም ወላጆች በወረሱት ላይ ግን ጥበቃው እንደጸና ቆይቷል።

ስሕተቱ እንደገና

ይህ ሁሉ ዕውቀት በተከማቸበት ዘመን የ1898ቱ ስሕተት ተደገመ። በ1980 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ደብዳቤ፣ በሆስፒታል ተኝተው ቢያንስ አንድ ጊዜ የኦፒየም ዝርያ መድኃኒት ከወሰዱ 11,882 ታካሚዎች መካከል ቀድሞ የሱስ ታሪክ ያልነበራቸው አራት ሰዎች ብቻ ሱስ እንደያዛቸው ገለጸ። ደብዳቤው ስለ ረዥም ጊዜ ሕክምናም ሆነ በቤት ስለሚወሰድ መድኃኒት የሚለው አልነበረም። ይሁን እንጂ በ2017 በተደረገ ቆጠራ 608 ጊዜ ተጠቅሶ የተገኘ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጠቃሾች ሱስ ብርቅ መሆኑን ለማስረዳት ተጠቅመውበታል። በ1996 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በዝግታ የሚለቀቅ ኦክሲኮዶን በዚህ እምነት ላይ ተመሥርቶ በሰፊው ታዘዘ። በ2007 የአምራቹ እህት ኩባንያ መድኃኒቱን በአሳሳች መንገድ ማስተዋወቁን በፍርድ ቤት አመነ። ቀውሱ ከታዘዘ ክኒን ወደ ሄሮይን፣ ከዚያም ወደ ፈንታኒል ተሸጋግሮ በ2021 በአገሪቱ ከ100,000 በላይ ሰዎች ዕፅ ከመጠን በላይ በመውሰድ ሞቱ።

የተቀባዮቹ አሠራር ከ1973 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ያልተለወጠው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ያለው እምነት ነበር፤ ሱስ የሚይዘው «የሱስ ባሕርይ» ያለውን ሰው ነው፣ ጥሩ ታካሚ አይያዝም የሚለው።

ከኢትዮጵያ አንጻር

በ1996 በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከተጠኑት ሰዎች 29 በመቶው በጉበት ውስጥ የሚገኘውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኤንዛይም የሚያመርተውን ዘረ መል ከተለመደው በላይ በድርብ ይዘው ተገኙ። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በዋነኛነት በዚህ ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ በመሆኑ፣ ኤንዛይሙ የበዛለት ሰው ከተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ሊያገኝ ይችላል። ትራማዶልም በዚሁ ኤንዛይም ይነቃል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ የከለከለው በመተንፈስ መዳከም የደረሰውን ሞት ካየ በኋላ ነው። የ1996ቱ ጥናት ስለ ሱስ ተጋላጭነት አይናገርም፤ ይሁንና አንድ ዓይነት ክኒን በሁለት ሰዎች አካል ውስጥ አንድ ዓይነት መድኃኒት እንዳልሆነ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ በቅርብ የሚያስረዳ ነው።

ጫትም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ አለው። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ቤተ ሙከራ ከእርጥብ የጫት ቅጠል ካቲኖንን ለየ። በ1980ዎቹ በጄኔቫ ፒተር ካሊክስ ያካሄዷቸው ሙከራዎች ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንን ከነርቭ ጫፎች እንደሚያስለቅቅ አሳዩ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ጫት ተጠቅልሎ ሳይጠወልግ በፍጥነት ገበያ የሚደርስበት ምክንያት በዚህ ይገለጻል። ካቲኖን በ1986 በዓለም አቀፍ ስምምነት ከጥብቅ ቁጥጥር ሥር ቢውልም ቅጠሉ ራሱ በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ማሕበራዊ ልማድ የሆነ ነገር በጥቂቶች ላይ ወደ ሕመም የሚሸጋገርበትን የውርስ ድርሻ ለማወቅ ግን የሚረዱ ትልልቅ የዘረ መል ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት የአውሮፓ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው።

ማጠቃለያ

በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት አለን ሌሽነር ሱስ የአንጎል ሕመም መሆኑን በግልጽ አወጁ። ትችት አልቀረላቸውም። እነ ጂን ሄይማን ያለ ሕክምና ሱስን የሚተዉ ሰዎች ብዙ መሆናቸውን፣ ሰው ለሽልማትና ለቅጣት ምላሽ እንደሚሰጥ በማስታወስ ምርጫ ፈጽሞ እንደማይጠፋ ተከራክረዋል። የቬትናም ወታደሮችና የጃፓን አኃዞች ለዚህ ትችት ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የሌክሲንግተን ታካሚዎችና የሜታዶን ውጤት ደግሞ ለሌሽነር። ሁለቱ አቋሞች አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ አይደለም። ሕመም የደረሰበት አንጎል መምረጥ አያቆምም፤ የሚመርጠው ግን በተዛባ ሚዛን ነው።

በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር የምርመራ መመሪያ የቀድሞ መጠሪያዎችን ትቶ ችግሩን ከቀላል እስከ ከባድ ደረጃ ያለው የአጠቃቀም መታወክ ብሎ መሰየሙ ከዚህ ረዥም ጉዞ የተገኘ ነው። ለጤና ባለሙያው ከታሪኩ የሚወጡት ተግባራት ውስን ናቸው። «ከሱስ ነፃ» ተብሎ የሚቀርብን አዲስ መድኃኒት በጥርጣሬ መመልከት፣ በጥሩ ታካሚና በመጥፎ ታካሚ መካከል ያለ ልዩነት አደጋውን እንደማይከላከል ማወቅ፣ በከባድ ሕመም ለሚሠቃይ ሰውም በሱስ ፍርሃት ሞርፊን አለመንፈግ፣ ያገረሸበትን ታካሚ እንደ ስኳር ወይም እንደ ደም ግፊት ታካሚ ሁሉ እንደገና መቀበል ናቸው። ሜታዶን የሚወስደው ሰው ከሞት የተጠበቀው ሕክምናው ውስጥ እስካለ ድረስ ነበር፤ ከክሊኒኩ በር ተሸማቆ የተመለሰ ሰው ግን ይህ ጥበቃ የለውም።